መብራት የሚበላ መኪና

ሌላው ዓለም የሚጨቃጨቀው «ኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ ይወደዳል፤ ጭማሪው ያዋጣል ወይ?» እያለ ነው። የእኛ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም አለ። ኤሌክትሪኩ ቫትም ኤክሳይስም ተነሥቶለት እየተንፈላሰሰ ገባ። ይኸው ቀለሙ የለቀቀ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ ቪትዝ ዋጋው ሰማይ ነካ። አብረን ካረጀነው ሁሉ የተከበረ እሱ ብቻ ነው። እኔስ ምነው ቪትዝ ሆኜ ባረጀሁ!

የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ቢዋይዲ የሚሉትን ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ እኛ ዘንድ ፍኖተ ሰላም መጣ። «ጋሼ፣ ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው» ይለኛል። ድምፅ የሌለው መሆኑንማ ገበያው ሁሉ አወቀለት። የአገራችን አህያ መንገድ የምትለቀው አይሱዙ ከሩቅ ሲያጓራ ነው፤ ይኼን ዝምተኛ ጌታ ዞራም አላየችው። ልጁ ተናዶ ጥሩምባውን ሲነፋው በርበሬ የጫነች አንዲት አህያ ደንብራ ጭነቷን ዘረገፈች። ሰፈሩ ሲያነጥስ ዋለ። ጭስ የለውም ያለኝ መኪና!

ሒሳቡ ላይ ግን ልጁን ሐሰተኛ አልለውም። ቤንዚን በሰኔ 2014 ሊትሩ 37 ብር ያህል ነበር፤ በ2017 ከመቶ ብር ዘለለ። እሱም ማደያ ሲገኝ ነው። ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ እንገዛለን፤ ዋጋውም እንደ ሻጩ ፊት ነው። የልጁ መኪና መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚበላው መብራት የቤንዚኑን ሩብ ዋጋ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ።

«ዓባይ በረሃን ስወርድ ባትሪው ተሞላልኝ» ሲል ግን አላስቻለኝም። እርግጥ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መብራት ያመነጫል። ታዲያ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣስ? በቁልቁለቱ ያገኘውን ዳገቱ ከነወለዱ ይቀበለዋል። እኔ የሰማሁት ፈጣን መሙያ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ቦሌ ላይ አቁሟል አሉ። ቦሌ ከእኛ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ልጁ እኔ ቤት ሊሞላ ሰካው።

60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በተራ ሶኬት ለመሙላት ቀንና ሌሊት ይፈልጋል። ባለቤቴ ደግሞ ሊጧን አቡክታ ምጣዷን ሰካች። አውቶማቲኩ ጧ ብሎ ወደቀ። አነሣነው፤ ደግሞ ወደቀ። «አንተ ሰውዬ፣ እንግዳው ነው የሚበላ መኪናው?» አለች። መኪናው ተነቀለ። እንጀራው ሲያልቅ መልሰን ሰካነው፤ ወዲያው የሰፈሩ መብራት ሄደ፣ እስከ ማግሥቱም አልተመለሰ። ልጁ ሁለት ቀን ተጨማሪ ሰነበተ፤ እኔ ቤት ያን ያህል ተቀምጦ አያውቅም።

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ዓባይ የሚነሣው ከእኛው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ሲባል አጨብጭበናል፤ ቦንድም ገዝተናል። ውኃው ከጓሯችን ወጥቶ ስንቱን ሲዞር እኛ በኩራዝ እራት እንበላለን። መኪናው ሲበላሽስ? የቡሬ መካኒክ አይሱዙን በጆሮው ነው የሚያክም፤ ይኼ ድምፅ የሌለው ምኑን ይሰማለታል?

እንግዲህ ፍርዴን ስሙ። አዲስ አበባ ለሚኖር ያዋጣል፤ ልጁ ልክ ነው። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሲሽከረከር ውሎ ማታ ቤቱ ለሚያድር ባጃጅም ያዋጣል፤ ወጣቶቹ ቢገዙ አልከለክልም። በሁለቱ ከተሞች መካከል እንኳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከሽንዲ በቆሎ ጭኖ ለሚመጣ ግን መብራቱ እስኪረጋ ድረስ ጭማሪም ቅናሽም ቢሉት አያዋጣም። እናንተም ከአዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ልትጠይቁን የምታስቡ ዘመዶች፣ ከመነሣታችሁ በፊት ደውሉና መብራት መኖሩን ጠይቁ። ቢኖርም ረቡዕና ቅዳሜ አትምጡብን፤ እንጀራ ይጋገራል።