ትርፍ ጭነት፦ በበዴሳ ባጃጅ ላይ የተደረገ የቃላት ምርመራ

የዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በበዴሳ የሚሠራ ባጃጅ የኋላ ወንበሩ ለሦስት ሰው ነው። ስንት ቋንቋ ይጫን የሚለውን ግን የደነገገ አካል የለም። ይህ ጥናት የሕግ ክፍተቱን ይመረምራል።

ከስሙ እንጀምር። ባጃጅ የሰው ስም ነው። በስማቸው የሚጠራውን የሕንድ ኩባንያዎች ቡድን በ1926 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ጃምናላል ባጃጅ፣ ማህተመ ጋንዲ እንደ አምስተኛ ልጃቸው የሚቆጥሯቸው ሰው ነበሩ። በ1942 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ባለሦስት እግሩ ገና ስላልተሠራ፣ ስማቸው በበዴሳ ጭቃ ውስጥ ሲገፋ እንደሚውል ሳያውቁ ሄደዋል። ተሽከርካሪው ግን ዘሩ ከጣሊያን ነው፤ ኩባንያው ባለሦስት እግር መሥራት የጀመረው ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው። ፒያጆ በ1948 እ.ኤ.አ. ላወጣው ባለሦስት እግር የሰጠው ስም ደግሞ «አፔ»፣ ማለትም ንብ ነው። ድምፁን የሰማ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም።

ጎማው፣ ማርሹ፣ ቤንዚኑ፣ ላሜራው ሁሉ በጣሊያንኛ ይጠራሉ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቃላቱን ጋራዥ ረስቶ የሄደ ይመስላል። (ጋራዡ ራሱ የፈረንሳይ ነው።) ሹፌርም የፈረንሳይ ቃል ነው፤ ሞተር በእሳት ይሞቅ በነበረበት ዘመን «እሳት አንዳጅ» ማለት ነበር። የኛው ሹፌር ሌላ ባጃጅ ሊቀድመው ሲል የጥንት ሙያው ይነሳበታል። እየነዳ የሚያወራበት ስልክም በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ሽቦው ከጠፋ ቆይቷል፣ ወሬው ግን አልተቋረጠም። ትራፊክ በሌላው ዓለም የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ነው፤ በኛ ዘንድ እንቅስቃሴውን የሚያስቆመው ሰውዬ ነው።

አሁን ወደ ኅብረ ቃሉ። «ፍሬን ያዝ!» ቢባል ሹፌሩ ይቆማል፣ ማንጎ የጫነው ነጋዴ ደግሞ ዘንቢሉን ያቅፋል። ሁለቱም በትክክል ሰምተዋል። ከዚህ የሚከብደው «መሪ አለው፣ ፍሬን ግን የለውም» የሚለው ነው። ሰሙ ባጃጅ መሆኑን አረጋግጠናል። ወርቁን ለመፈለግ የጥናቱ በጀት አልፈቀደም።

ከአካባቢው ቋንቋ ከወላይትኛ ያገኘነው አንድ ቃል «ሳሮ» ነው፤ ሰላም ማለት ነው። እሱም የዕቃ ስም አይደለም፣ ከተሳፋሪ ጋር ገብቶ ከተሳፋሪ ጋር ይወርዳል። ባለአገሩ በገዛ አገሩ ተሳፋሪ መሆኑን ጥናቱ ያለ አስተያየት መዝግቧል።

ስለዚህ ትራፊኩ ቃላቱን ቆጥሮ እንዲቀጣ አንመክርም፤ ቅጣቱን የሚችል ባለንብረት አይገኝም። ሹፌሩ አጠገብ በግማሽ መቀመጫ የተንጠለጠለውን አራተኛ ሰው ግን ይቁጠርልን።