ዮሐንስ፣ አንድ ሰው!

«ዮሐንስ! ዮሐንስ! ዮሐንስ አንድ ሰው!»

ጎንደር መናኸሪያ የደረስኩት ገና ሳይነጋ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ መንገዱ ለመንገደኛ ደግ በነበረበት ዘመን፣ በወርኃ ጥቅምት። ረዳቱ የሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የንጉሠ ነገሥቱን ስም ያለ «አፄ» እና ያለ «ጃንሆይ» ሲጣራ ብሰማ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ደስ አለኝ። እኔም እስከ መተማ ዮሐንስ የምወርደው ለዚሁ ስም ብዬ ነበርና።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን። እርስዎ ሲገቡ እንነሳለን» አለኝ።

ገባሁ። ከገባሁ በኋላ አንድ ሰው ጎደለ። እሱም መጣና ገባ፤ አሁንም አንድ ሰው ጎደለ። የመናኸሪያ ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ተደምሮ፣ ተደምሮ፣ አንድ ይጎድለዋል።

ጉዞውን ያመጣብኝ ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጄ ነው። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በየአውራ ጎዳናው ዳር የታሪክ ሰሌዳ እየተተከለ ነው፤ ወዳጄም ታክሲውን እያቆመ ሲያነብ ኖሮ እኔኑ ሊያስተምረኝ ቃጣው። «አንድ ጄኔራል ፈረሱን ውሃ ካጠጣ፣ ለፈረሱም ሰሌዳ አለው!» አለኝ በስልክ። እልህ ያዘኝ። ንጉሠ ነገሥት የወደቀበት አገር እያለን በፈረስ ልንበለጥ? ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ፣ ከጎንደር እስከ ድንበር በመንገድ ዳር የቆመውን ሁሉ አንብቤ ልመዘግብ ተነሳሁ።

ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፈን፣ በጭልጋ አድርገን አይከልን ካለፍን በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በየመታጠፊያው አንዳንድ ልብስ እየወለቀ፣ ጋቢ ለብሶ የተነሳው ሁሉ ቆላ ሲደርስ በካናቴራ ቀርቷል። ደብተሬ ግን ሞልቷል። የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ «ፍጥነት ይቀንሱ»፣ የኮንዶም ማስታወቂያ፣ የወባ ማስጠንቀቂያ፣ ከሁሉም በላይ የፕሮጀክት ሰሌዳ። የፕሮጀክት ሰሌዳ እንደሚታወቀው ባለቤት አለው፣ ተቋራጭ አለው፣ አማካሪ አለው፤ የሚጠናቀቅበት ቀን የተጻፈበት ቦታ ላይ ግን ሁልጊዜ ቀለሙ ለቋል።

ሙቀቱ አእምሮዬን ሲያቀልጠው የመተማን ጦርነት በዚሁ ቅጽ ሞላሁት። የፕሮጀክቱ ስም፦ መተማ። ባለቤት፦ አፄ ዮሐንስ 4ኛ። አማካሪ፦ እንግሊዝ። አማካሪው በግንቦት 1876 አድዋ ላይ ውል ተፈራረመ፤ ኢትዮጵያ በሱዳን ማህዲስቶች የተከበበውን የግብጽ ጦር በምድሯ በኩል ታወጣለች፣ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላታል፣ ምጽዋም ለንግዷ ክፍት ይሆናል። ኢትዮጵያ የድርሻዋን ሠራች። አማካሪው ግን ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ምጽዋ ላይ ሲወርድ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ለኢትዮጵያ የተረፋት የማህዲስቶቹ ቂም ነው። በጥር 1880 አዛዣቸው አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠለ። የአማካሪ ክፍያ ማለት እንዲህ ነው።

ወደ ቋራ የሚገነጠለውን መንገድ ስናልፍ ለካሳ ኃይሉም አንድ መስመር ጻፍኩ። በኋላ ቴዎድሮስ የተባለው የቋራው ሰው በ1840 ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥሞ በመድፍ ተመታ። ደባርቂ የሰሜኑ ደባርቅ አይደለም፤ የቆላው ነው። መቅደላ ድረስ ያልለቀቀው የመድፍ ፍቅር እዚህ ሙቀት ውስጥ ሳይጀምረው አልቀረም።

ሸኸዲን (ሰሌዳው «ገንዳ ውሃ» ይላል፣ ረዳቱ ግን ሰሌዳ አይሰማም) አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጎማ ተነፈሰ። ወረድን። ግራ ቀኙ የሰሊጥ ማሳ ነው፤ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ በሂላ በሂላ ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ የጦር ሰፈር ድንኳን ይመስላል። በድንኳኖቹ መሐል ከመንገዱ ጥቂት እልፍ ብሎ አንድ ኖራ የተቀባ አጭር ድንጋይ አየሁ። ጽሑፍ አለበት!

ልቤ እየመታ፣ ሱሪዬ እሾህ እየለቀመ ሄድኩ። ዝናብና ፀሐይ የላይኛውን መስመር በልተውታል። የተረፈው «...ከዚህ ሥር ተቀብሯል» ይላል።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ራሴን ዘንበል አድርጌ ቆምኩ። በዚህ ዓይነት ጨዋነት የተሠራ ምልክት እኮ ቨርጂኒያም የለም! ስም የለ፣ ማዕረግ የለ፣ ልክ ያልታወቀ ወታደር ይመስላል። በሐሳቤ የመታሰቢያ ንግግር ጀምሬ ነበር።

ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ሳሉግ፣ የሰሊጥ አጫጅ፣ ማጭዱን በትከሻው እንደያዘ፣ ለካ ሲያየኝ ቆይቷል። እሱም ግራ ተጋብቶ ባርኔጣውን አውልቋል።

«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ዘመድዎ ነው?»

«የሁላችንም ነው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ዞረው። ከጀርባው ያለውን፣ ፀሐይ ያልነካውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ጥንቃቄ! የስልክ ኬብል! መቆፈር ክልክል ነው!»

ሁለታችንም ባርኔጣችንን መልሰን ደፋን።

ጎማው ተቀይሮ ከተማው እንደገባን ባጃጅ ያዝኩ። የቀለጠ ሰው ቃል አያባክንምና ባጭሩ «ዮሐንስ የት ነው?» አልኩት ባለ ባጃጁን። አየኝ። አንገቱን አዙሮ ሻይ ወደምታፈላው ሴት ተመለከተ፤ ምስክር የሚፈልግ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ዮሐንስ ላይ ቆመው ዮሐንስ የት ነው ይላሉ?»

ሴትየዋ ሳቀች። ሻይ ቀዳችልኝ። «ፀሐይ መቶት ነው፣ ይረፍ» አለችው፤ እኔ የሌለሁ ይመስል።

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ደብተሬን ብገልጥ የጻፍኩት ሁሉ አሳፈረኝ። ስሙ ቀኑን ሙሉ ከጎንደር ጀምሮ ሲጠራልኝ ነበር። ቀለም የማይለቅ፣ ዝናብ የማይበላው፣ ባለ ታሪፍ ሰሌዳ ነበር፤ እኔ ነኝ ከድንጋይ ጋር የተፋጠጥኩት። «አንድ ሰው» የሚለውም ልክ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 የኢትዮጵያ ጦር የማህዲስቶቹን የእሾህ አጥር፣ ዘሪባውን፣ ጥሶ ገብቶ ነበር፤ የአዛዣቸው የዘኪ ቱማል ጦር ሊፈታ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ ጥይት ንጉሠ ነገሥቱን አገኘቻቸው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ አንድ ሰው ጎደለ። ያሸነፈ ጦር ፊቱን አዙሮ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በማግስቱ አረፉ። ደርቡሾች፣ ማለትም ማህዲስቶቹ፣ አስከሬኑን ይዘው የሚመለሱትን ተከትለው ጓንግ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ የንጉሡ አጎት ሽማግሌው ራስ አርአያ ከአስከሬኑ አልነቃነቅም ብለው እዚያው ወደቁ። የንጉሡ ራስ ኦምዱርማን ተላከ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25፣ ውጫሌ ላይ ሌላ ውል ተፈረመ፤ ሌላ አማካሪ መጣ።

ከሻዩ በኋላ የድንበሩን ድልድይ አየሁ። ከማዶ ገላባት ነው። በጥቅምት 1933 ስሊም የሚባል የእንግሊዝ አዛዥ ከሕንድ ብርጌዱ ጋር ገላባትን ከጣሊያን ነጥቆ፣ መተማን ግን ሳይዝ አፈገፈገ። ሰውየው በኋላ ፊልድ ማርሻል ሆነ፤ ስለዚያች ቀን ሲጽፍ ጥፋቱን በራሱ ላይ ጥሏል። ጥፋቴ ነው ያለ ጄኔራል አንድ ሰሌዳ ይገባው ነበር፤ ግን እኔ ሰሌዳ ጠግቤ ነበር።

ስመለስ ያው ሚኒባስ፣ ያው ረዳት። ሁሉም ተሳፍሯል፤ ከጎኔ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ነው። ግማሽ ሰዓት በምጣዱ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

«ልጄ፣ እንሂድ እንጂ» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ጎድሎት ከዚህ የተነሳ የለም።»

«አለ» አልኩት። «በ1881።»

አሰበበት። ሐዘን ይሁን ሒሳብ ፊቱ ላይ አልለየሁትም።

«ያኔ ታሪፉ ስንት ነበር?» አለኝ፤ መልሴንም ሳይጠብቅ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸ፦

«ጎንደር! ጎንደር አንድ ሰው!»