ሰው ሲጾም የተበላ መደርደሪያ

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ያሉ አባቶች፣ ምድጃ ቫርኒሽ የሚቀባበትን ዘመን አላዩም። ታድለው ቀድመው አረፉ። ለእኔ ቀረልኝ።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ሲሸጥ ያገኛል። ከዕቃው ሁሉ መርጦ ክዳን ያለው፣ ጎማ ያለው፣ ግራና ቀኝ የእንጨት መደርደሪያ የተገጠመለት የሥጋ መጥበሻ ይገዛል። «ግሪል ይባላል» አለኝ። አይሱዙ ላይ ታስሮ፣ በደሴ በወልዲያ አቆራርጦ አገራችን ሙጃ ገባ። የጎማው ነገር አይነሣ፤ ሙጃ ላይ ጎማ ያለው ዕቃ በራሱ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ቁልቁል።

መደርደሪያዎቹ ሥጋና ቢላ ማሳረፊያ ናቸው። ሲመጡ ቀይ ዳማ ነበሩ፤ ያብረቀርቁ ነበር። አሁን አመድማ ሆነዋል፤ ጠርዛቸው ተሰንጥቋል፤ ቫርኒሻቸው ተልጦ በነፋስ ይራገፋል። ልጁ ታዲያ ከወልዲያ አንድ ቆርቆሮ ቫርኒሽና ብሩሽ ገዝቶ መጣና «አጎቴ፣ እርስዎ እንጨት ያውቃሉ፤ እስቲ ቀባ ቀባ ያድርጉልኝ» አለ። ቀባ ቀባ! መላጊያ ስገፋ ያረጀሁትን ሰውዬ፣ ቀባ ቀባ!

«ምን አገኘው?» ብለው «ጭሱ ነዋ ያበላሸው» አለኝ። በላሊበላ! ጭስ መቼ እንጨት አበላሽቶ ያውቃል? የጓዳችን ማገር ዕድሜውን ሙሉ ጥላሸት ለብሶ ምስጥ እንኳ አይደፍረውም። መደርደሪያውን የጨረሰው ጭስ ማጣት ነው። እንዲያውም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የጨረሰው ጾማችን ነው።

ቁጠሩልኝ። ሰኔ ሲገባ የሐዋርያት ጾም አለ፤ ዝናቡም አብሮ ይገባል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይያዛል፤ ሰማዩ የሚቀደደውም ያኔ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይጀመራል፤ ከአቡነ ዮሴፍ የሚወርደው ውርጭ ከጾሙ ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስላል። ከዚያ ሁዳዴ፣ 55 ቀን፤ የእኛ ደጋ ደግሞ የበልግ አገር ነውና ያኔም ይዘንባል። ረቡዕና ዓርብን ጨምሩበት። ሥጋ መጥበሻው የዓመቱን ግማሽ ያህል ሥራ ፈትቶ ሜዳ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የሚቆመውም መርጦ መርጦ ክፉ ክፉውን ወራት ነው። ሰው ይጾማል፣ ዝናብ እንጨት ይበላል።

ልጁ ይህን ስነግረው «ቫርኒሽ አለው እኮ» ይላል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ በጎኑ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል። ቫርኒሹ ግን ላዩ ላይ ደርቆ የቀረ ሽፋን ነው፤ አብሮ ማበጥም አብሮ መሸማቀቅም አይችልምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ከላይ እየመታች የእንጨቱን ፊት ታደቅቀዋለች፤ አመድማ ያደረገችውም እሷ ናት። በዚያ በሞተ ፊት ላይ አዲስ ቫርኒሽ ቢቀቡ የሚጣበቀው ከሞተው ጋር ነው፤ ተያይዘው ይረግፋሉ። ስለዚህ ሥራው መቀባት ሳይሆን መፋቅ ነው። መፋቅን ግን ማን ይወዳል? ቆርቆሮ መክፈት ነው የሚወዱት!

ምክር ግን ሞልቷል። ጎረቤቴ እትዬ መጥተው «ለጋ ቅቤ ነው የሚሻለው» አሉ። ቅቤ እንጨት ላይ አይደርቅም፤ ይከረፋል፤ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ይጠራል። ባለሱቁ የሚረጋውን የፓልም ዘይት አቀረበ፤ እሱም ዕድሜ ልኩን አይደርቅም። አንድ ዲያቆን ደግሞ «ሰም ይቀባ፤ የላስታ ሰም እያለ!» አለ። ሰሙስ ጥሩ ነበር፤ ግን 60 ዲግሪ ትንሽ እንዳለፈ ይቀልጣል፣ መደርደሪያው ደግሞ የሚኖረው ከፍም ጎን ነው።

መድኃኒቱ ተልባ ነው። የተልባ ዘይት እንጨቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶም ይጠነክራል። መደርደሪያውም እንደ እኛው ጾመኛ ሆኖ ተገኘ፤ ቅቤ አልስማማ ብሎት በተልባ ይኖራል።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ በጥቅምት ሥራ ጀመርኩ። ብሎኖቹን ፈታሁ። ሞራውን በአመድና በሙቅ ውሃ አጠብኩ፤ የድልሁ እድፍ ግን ርስቴ ነው ብሎ ቀረ። ጥላ ውስጥ አደረቅሁ፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ሳንቃ ይጣመማልና። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፦ መጀመሪያ ሻካራው 80 ቁጥር፣ ቀጥሎ 120፣ መጨረሻ ላይ ልስልሱ 180። ልጁን ለእርዳታ ጠርቼ «በእንጨቱ መስመር ሂድ» አልኩት። አግድም ሄደ። አግድም የተፋቀ እንጨት ጭረቱ ዘይት ሲነካው ነው የሚወጣው፤ ያኔ ፋቂው የለም፣ የሚታማው አጎት ነው። እንደገና ፋቅሁ።

ዘይቱን በጨርቅ ስስ አድርጌ ቀባሁ፤ ቆይቼ ያልጠጣውን ጠረግሁ። ካልተጠረገ ላዩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የሳንቃው ጫፍና ሆዱም ተቀባ፤ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣው በጫፉ ነው፤ የማይታየውን ቦታ ግን ማንም አይቀባም። ልጁ ጨርቁን ጠቅልሎ ጥግ ሊጥለው ሲል ጮኽኩበት፤ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተተወ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ወይ ይዘርጉት ወይ ውሃ ውስጥ ይንከሩት። «ያለ ክብሪት?» ብሎ ሳቀ። ክብሪት ገዝተን ፍሙን ለማቀጣጠል ስንት ሰዓት ስናራግብ የኖርን ሰዎች፣ ጨርቁ በነጻ ሊያነድልን ነው አልኩት።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። ደጅ ያደረ እንጨት በየዓመቱ ዘይቱን ይጠይቃል። ካልሆነ ጣራ ይሠራለት። ከላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ በስሙ የሚጠራውን ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በድንጋይ ንብብር ሲያሠራ ዋሻ ውስጥ ነው ያስገባው። ያ እንጨት ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አሁንም ቆሞ ይቀደስበታል። ሮሃ ላይማ ዓለቱ ራሱ ዝናብ አይችልም ተብሎ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በላሊበላ ቤተ መቅደሶች ላይ መጠለያ ተተከለ፤ መጠለያው ራሱ ይወድቅብናል ብለን መስጋታችን ሌላ ጉዳይ ነው። ዓለት ጥላ ከፈለገ የሥጋ ማሳረፊያ ለምን አይፈልግም? ይህን ስለው ልጁ «የሚሸፍነው ላስቲክ ይሸጣል» ይለኛል። ላስቲክ ውስጥ እንጨት ሲያልብ ይሻግታል፤ ይህንንም ልነግረው ነው።

ዘይቱ ቀስ እያለ ደረቀ፤ የደጋ ብርድ አያስቸኩለውም። እጅ የማይይዝ ሲሆን መደርደሪያዎቹን መልሼ አሰርኩ። ልጁ ከሰል አምጥቶ፣ በግ ለማስጎተት ጎረቤት ሊልክ ሲል ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ነገ ኅዳር 15 ነው፤ አሁን የተገዛ በግ ለማን ነው የሚታረደው?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

ይኸው ግሪሉ እያማረበት፣ ሥጋ ሳያይ ገናን ይጠብቃል። በመንገድ የሚያገኘኝ ሁሉ «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመረቀው?» ይለኛል። ለመደርደሪያ ምረቃ! እሺ፣ ይመረቅ። ቅድመ ሁኔታዬን ግን አስቀድሜ አሳውቄያለሁ፦ ጾም ሲያዝ መደርደሪያዎቹ ተፈትተው ቤት ይገባሉ፤ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ተልባ ይቀባሉ፤ ፋቂው ልጁ ነው፣ በመስመሩ። ለገና ከሚታረደው ጠቦት ደግሞ ሁለቱም ኩላሊት የእኔ ነው። በዚህ ያልተስማማ ሰው ያቺን የቫርኒሽ ቆርቆሮ ይክፈትና ቀባ ቀባ ያድርግ።