ያልወደቁት ድልድዮች

በአራዊት ዘመን ከእንጦጦ ግርጌ አንዲት ከተማ ነበረች ይባላል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላልና የክረምቱ ዝናብ ከዚያ ሲወርድ የግንፍሌና የቀበና ወንዞች ጎን ለጎን እየደነፉ ወደ ደቡብ ይነጉዳሉ። ስለዚህ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሁሉ፣ ንጉሡ አንበሳ እንኳ ሳይቀር፣ ድልድይ ሳይረግጥ አይደርስም።

ድልድዮቹ አርጅተው ነበር። አንድ ዓመት መስከረም ሲጠባ ባለአቤቱታው ግቢውን ሞላው። እመት ጦጢት፣ «የሰፈራችን ድልድይ መደገፊያው ተሰብሮ ልጆቼ የሚንጠለጠሉበት አጡ!» ብላ ጮኸች። ከርከሮ ደግሞ፣ «የኛው ቀለሙ ለቆ እንግዳ ፊት አሳፈረን» አለ። ዝሆን የሱ እንዲሰፋለት ጠየቀ። ያን ጊዜ አያ ጅቦ እጅ ነሥቶ፣ «ጃንሆይ፣ ማንም ቅር እንዳይለው ሁሉንም በአንድ ቀን ዘግተው ያስጠግኑ» አለ። ለሁሉም አንድ መልስ መስጠት ንጉሡን ደስ አሰኘው።

ድልድዮቹ ተዘጉ። ገበያው ወዲያ ማዶ፣ ገበያተኛው ወዲህ ማዶ ቀረ። ግንበኞቹ ጉንዳኖችም ድንጋዩ ከወንዙ ማዶ ስለነበር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሲመሽ ወደ ቤታቸው መሻገር ያቃታቸው አህዮች ወንዝ ዳር አደሩ፤ ሲነጋ ቢቆጠሩ ጎደሉ። በዚያ ሰሞን ወዙ ያማረ አያ ጅቦ ብቻ ነበር።

አንዲት አሮጊት አህያ ችሎት ቀረበች።

«ጃንሆይ፣ እኔ ሹመት የለኝም። ግን በሸክም የማልሻገረው ድልድይ የለም፤ የቱ እንደሚንቀጠቀጥ ሰኮናዬ ያውቃል። የእመት ጦጢት ድልድይ መደገፊያው ነው እንጂ ምሰሶው ደህና ነው። የፍልፈል ሰፈር ድልድይ ግን ላዩ ያምራል፤ ከሥሩ ጎርፍ መሠረቱን ሸርሽሮታል። ፍልፈል ከጉድጓድ ስለማይወጣ አቤት የሚልለት አጣ።»

እንቁራሪት ተልካ ከውኃው ሥር አየች። ምሰሶው ግማሹ ባዶ ላይ ቆሟል።

«ታዲያ ከየቱ እንጀምር?» አለ አንበሳ።

«ሦስት ነገር ይጠይቁ። ምን ያህል ተጎድቷል? ስንት እግር ይረግጠዋል? ቢዘጋ ሌላ መሻገሪያ አለ? አዘጋጉም ሥርዓት አለው። በአንድ ጎዳና ላይ የግንፍሌን ድልድይ የተሻገረ የቀበናውን መሻገሩ አይቀርም፤ እነዚህ አብረው ይዘጉና ሕዝቡ ሁለት ጊዜ አይንከራተት። በቀበና ላይ ከታች ያለው ግን የላይኛው ምትክ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይነኩ። ከባዱ ሥራ በበጋ ይለቅ። ሰኔ ሳይገባ የውኃ መውረጃው ይጠረግ፤ ክረምቱ ሲወጣ መሠረቱ ይታይ።»

«የእኔስ ድልድይ?»

«ጃንሆይ፣ እሱ የሚረገጠው በበዓል ብቻ ስለሆነ ተራው መጨረሻ ነው።»

ችሎቱ ትንፋሹን ዋጠ። አንበሳ አጉረመረመ፤ ግን ከመሠረቱ ባዶ የሆነውን ምሰሶ አስቦ እሺ አለ።

በተራ ተዘጋ፣ በተራ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጉንዳኖች በየዓመቱ አሸንዳ ይጠርጋሉ፣ እንቁራሪቶች ምሰሶ ይፈትሻሉ። አሸንዳ ለጠረገ ከበሮ አይመታለትምና ስማቸውን ያነሣ አልነበረም።

ከ3 ክረምት በኋላ አያ ጅቦ ጉባኤ መሀል ተነሣ።

«ጃንሆይ፣ እስከ ዛሬ አንድም ድልድይ አልወደቀም። ታዲያ ለጉንዳንና ለእንቁራሪት በየወሩ እህል የምንሰፍረው ለምንድን ነው? ይልቅ በእህሉ በቤተ መንግሥቱ ደጅ አዲስ ድልድይ አሠርተን በእልልታ እንመርቅ!»

ጉባኤው አጨበጨበ። እመት ጦጢት ከሁሉ አብልጣ አጨበጨበች። አንበሳም ማኅተሙን አነሣ።

«ጃንሆይ፣» አለች አሮጊቷ አህያ፣ «ከማተምዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሁላችንም ስንወፍር፣ አያ ጅቦ በእነዚህ 3 ክረምቶች ለምን ከሳ?»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ፤ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ማኅተሙን መልሶ አስቀመጠ፤ የጉንዳንና የእንቁራሪት እህልም በዚያው ወር ተሰፈረ።