«መጥቶ ነበር፣ ሄደ!»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮንዶሚኒየም ግቢ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው፣ ዲሽ የሚያዞር ጎረቤት ማየቱ አይቀርም። ዲሽ ማዞር ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አባወራው ጣሪያ ላይ፣ ባለቤቱ መስኮት ላይ፣ ትልቁ ልጅ ደረጃው ላይ ይቆማሉ፤ ትንሿ ሪሞት ይዛ ሳሎን ትቀመጣለች። «መጣ?» ይላል ከላይ። «መጣ ወይ እያለ ነው አባባ!» ይላል ደረጃው። «ምኑ?» ትላለች ሳሎን፤ እሷ የምትጠብቀው ካርቱን ነው። «መጥቶ ነበር፣ ሄደ!» የሚለው መልስ በመስኮት ዞሮ፣ ደረጃ ወጥቶ ጣሪያው እስኪደርስ አባወራው ዲሹን ወደ ሱዳን አዙሮታል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ተሰቅሎ ምልክቱን ተቀብሎ እኛ ዘንድ ለማድረስ ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። ያቃተን ከጣሪያ እስከ ሳሎን ያለው ነው።

ሁሉም ስልክ በኪሱ ይዟል። ግን ሳይጮህ የተስተካከለ ዲሽ ምኑን ዲሽ ሆነው?

ባለሙያ ቢጠየቅ የሚነግረን ቀላል ነው፤ ብሎኑን ላላ፣ ዲሹን ነካ አድርጎ ሪሲቨሩ ሲግናሉን እስኪይዝ ጥቂት ሰከንድ መታገስ። የቤት ዲሽ ከሰማዩ አንዴ የሚያየው ሁለት ዲግሪ ገደማ የምትሆን ቁራጭ ናት። የእኛ ሰው ግን ነካ ማድረግ አያውቅበትም። ይጠመዝዛል።

የአገር ቤት ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የተሻገሩ ሰሞንማ ጉድ ነበር። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ነው፣ ኢትዮሳት ያለበት ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ወደ ወለጋ ሲያይ የኖረ የአዲስ አበባ ጣሪያ ፊቱን ወደ ሐረርጌ አዞረ። የባሏን ስልክ ቁጥር በቃሏ የማታውቅ ሴት «11105፣ ኤች፣ 45000» ሲሏት እንደ ውዳሴ ማርያም ትወርደው ጀመር። እኔንም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልስትም። ኤች ማለት አግድም ነው አሉ፤ ሞገዱ ተጋድሞ ነው የሚመጣው። ሶፋ ላይ ሆነን እንደምንቀበለው እንደ እኛው ማለት ነው። ሪሲቨሩ በዚያው በአንዱ ገመድ 18 ቮልት ወደ ላይ ሲልክ የተጋደመውን ይቀበላል፣ 13 ሲልክ የቆመውን። ስለዚህ ግማሹ ጣቢያ እያለ ግማሹ ድንገት ቢጠፋ መጀመሪያ ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ሪሲቨሩ፣ ገመዱና የዲሹ አፍንጫ ላይ ያለችው ኤልኤንቢ ናቸው። እኛ ማንን እንጠረጥራለን? ጎረቤትን።

«ማን ነው የነካብን?» የማይባልበት ብሎክ የለም። በመስቀል ሰሞን ረፋዱ ላይ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ይሰባበርና ድርግም ይላል። ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ በራሷ ጨረር ዲሹን ስለምታደነቁረው ነው። በዓመት ሁለቴ፣ በመስከረም አጋማሽና በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ፣ ለጥቂት ቀናት ይመጣል፤ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። የላይኛው ፎቅ ጋሼ ግን ይህ አይዋጥላቸውም። «ትናንትም በዚህ ሰዓት፣ ዛሬም በዚህ ሰዓት! ሰው ካልሆነ ሰዓት ያያል እንዴ?» አሉና ወንበር አውጥተው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጣሪያው በር ላይ ዘብ ቆሙ። ፀሐይዋ እንደ ልማዷ መንገዷን ጨርሳ አለፈች። ጋሼ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ሌባ ያባረሩት እሳቸው ናቸው።

እውነት ለመናገር ሰው የሚሆንበት ጊዜም አለ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ፣ የጎረቤት ዲሽ በረንዳቸው አጠገብ መተከሉን የሚያዩት እግዜር የላከላቸው ማስጫ አድርገው ነው። ውሃው በደንብ ያልተጨመቀ ጋቢ ጣል ሲያደርጉበት፣ ምድር ቤት ድራማው ልክ የልጁ አባት ማን እንደሆነ ሊነገር ሲል ቀጥ ይላል። ለዚህ ሞገድ ውሃ ግድግዳ ነው፤ የነሐሴ ዶፍ ሲወርድ መንደሩ በሙሉ ባንዴ «ኖ ሲግናል» የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ምድር ቤት ያለችው ልጅ በትሕትና ብቅ ብላ፣ «እትዬ፣ ጋቢዎን ትንሽ ቢያነሱልን?» አለች። «ውይ ልጄ፣ ድራማው እንደሆነ ነገ ይደገማል። በዚህ ክረምት ይቺ ፀሐይ ትደገማለች?» ልጅቷ መልስ አጥታ ተመለሰች። እኔም ብሆን መልስ አልነበረኝም።

ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ፣ ማለትም ሪሲቨሩ በጥፊ ተመትቶ፣ የሪሞቱ ባትሪ ተነክሶና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ኤልኤንቢዋ ፌስታል ተከናንባ ለውጥ ሲጠፋ፣ ዲሽ ሰሪው ይጠራል። ቤተሰቡ ከብቦት የሕመሙን ታሪክ ይተርካል፤ «መጀመሪያ አረቦቹ ጠፉ፣ ከዚያ መዝሙሮቹ…» ሰሪው እየሰማ ቴሌቪዥኑ ኋላ ያጎነብስና ሪሲቨሩ ቂጥ ላይ የላላችውን ገመድ በሁለት ጣቱ ጠበቅ ያደርጋል። ምስሉ ቁጭ! ደስ ሊለን ሲገባ ፊታችን ይጠቁራል። ይቺን ለማጥበቅ ነው ገንዘብ የምንከፍለው? እንዲህ ለመሰለ መናኛ ነገር ነው ሰፈሩን ስናምስ የሰነበትነው? ለዚህ ነው ልምድ ያለው ዲሽ ሰሪ ገመዱን ካጠበቀ በኋላም ቦርሳውን አንግቦ ጣሪያ የሚወጣው። እዚያ ነፋስ ይቀበላል፣ ስልኩን ያወራል፣ እጁን እያራገፈ ይወርድና «ከባድ ነበር» ይላል። «አላልንም?» እንላለን። ቡና ይፈላለታል፣ የጠየቀው ይከፈለዋል። ገመዷን ማን እንዳላላት ግን አይነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራ የሚጠርገው ማን እንደሆነ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

ሪሲቨሩን ዳንቴል እናለብሰዋለን፣ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ፣ ከአበባው ጎን የልጁን የምረቃ ፎቶ። መተንፈሻው ተደፍኖ ሲግልና ሲደነዝዝ፣ «ቻይና ምን ዕቃ ይሠራል!» እንላለን።

ምስሉ ተስተካከለ ስንል ድምፁ ይነሳል። እህት ከአረብ አገር ሆም ቴአትር ልካለች። ትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች በየማዕዘኑ ተገተሩ። ከቴሌቪዥኑ ሥር እንድትቀመጥ የተሠራችው የመሃሏ ግን ትንሽ ናትና «መለዋወጫ ትሆናለች» ተብላ ካርቶኗ ውስጥ ቀረች። በእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የፊልሙ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው በእሷ ነው። እንግዲህ ሰውየው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ቃል የለም፤ መኪናው ሲፈነዳ ግን ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይጨባበጣሉ። ከቤተሰቡ አንዱ ሪሞት ይዞ ለንግግሩ እየጨመረ፣ ለፍንዳታው እየቀነሰ ያመሻል። ፊልሙ ምን ነበር ብትሉት አያውቅም።

የገመዶቹ ቀለም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቢጫው ለምስል፣ ቀይና ነጩ ለድምፅ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሲሰካ ግን ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ላለማራቅ እጁን ሰድዶ በዳበሳ ነው። ኋላ ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀዳዳም አለ። ቢጫው አረንጓዴው ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይመጣል፣ ቀለሙ ይቀራል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ጀምሮ ቀለም የለበሰው በ1977 ነው፤ አንድ ጎረቤቴ ቤት ግን ባለፈው ፋሲካ በአንድ ገመድ ወደ ጥቁርና ነጩ ዘመን ተመለሰ። ልጆቹ ተንጫጩ፣ አባትየው «ስክሪኑ ሞተ» ብለው ራሳቸውን ያዙ። አያትየው ብቻ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉና፣ «አሁን ገና ለዓይን የሚሆን ቴሌቪዥን ሆነ» አሉ። ገመዱ የተስተካከለ ዕለት ያኮረፉት እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ኳስ ያለ ማታ ነው። ጨዋታው አንድ ነው፣ የሚደርሰን ግን በየተራ ነው። ጋሼ በዲሽ ያያሉ፤ እኛ ኢንተርኔቱን ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን ስበን ስለምናይ ከእሳቸው ብዙ ሰከንድ ወደ ኋላ እንቀራለን። የእኛ አጥቂ ገና መሃል ሜዳ ኳስ ሲቀበል የእሳቸው «ጎ…ል!» ግድግዳውን ሰንጥቆ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ የምናየው ፍርዱን እንደሚያውቅ ሰው ነው። ምሬቱ ሲበዛ ሽማግሌ ላክንባቸው። «ጋሼ፣ እባክዎን፣ ጎል ሲገባ ትንሽ ቆየት ብለው ቢጮኹልን?» ጋሼ ጉዳዩን በክብር ሰምተው፣ አገጫቸውን አሻሽተው ቃል ሰጡ። የዋንጫው ማታ እውነትም ከጋሼ ቤት ድምፅ ጠፋ። ተመቻችተን ተቀመጥን፤ ኳሷ ገና በእኛ ግብ ጠባቂ እጅ ናት። ግድግዳው ማዶ ያሉት ባለቤታቸው እልልታውን አቀለጡት። ሽማግሌ የላክነው ለጋሼ ብቻ ነበር።