ለሰካራም ግንዛቤ ማስጨበጫ

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ሰክሮ ጀልባ ሲነዳ ተይዞ የተፈረደበት ሰው፣ ከቅጣቱ በተጨማሪ የጀልባ ደህንነት ትምህርት ወስዶ እንዲያልፍ ይታዘዛል። የሚያስቀና ሕግ ነው! ሰውዬው ያን ሁሉ ጠርሙስ የጨለጠው ለካ የመንሳፈፊያ ጃኬት አስተሳሰር ስላልተማረ ኖሯል። ራያ ቆላ ሐይቅ የለውም እንጂ፣ ወንዞቻችን ሆርማትና ጎሊና ክረምት ከበጋ ጀልባ የሚያንሳፍፉ ቢሆኑ ኖሮ ቆቦ ላይ እስካሁን ስንት ዙር ሥልጠና በተሰጠ ነበር። ደግነቱ አስፋልት አለን። ከወልድያ ተነስቶ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ፣ ቆቦን ሰንጥቆ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው መንገድ ግመሉን፣ ከብቱን፣ ባጃጁንና ባለተሳቢውን አንድ ላይ ያስተናግዳል፤ ለጠጪ ሾፌር ከዚህ የተሻለ ባሕር ከየት ይመጣል? የምናዝለት መድኃኒትም ያው የካሊፎርኒያው ነው፣ እኛ ዘንድ ስሙ "ግንዛቤ ማስጨበጫ" ይባላል እንጂ። ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ አበል ይፈረማል፤ ሰካራሙ ግን አዳራሹ ውስጥ የለም፣ ግሮሰሪ ነው።

ቢኖርስ ምን ሊማር? መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ቲዎሪ ተፈትኖ ነው። ጠጥቶ መንዳት ክልክል መሆኑን ካላወቀ፣ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ማስቲካ የሚያኝከው ለጥርሱ ጤና ነው? ከፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግለት "ትራፊክ አለ" ማለት እንደሆነ ስካሩ ሳያግደው ይገባዋል፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀበቶውን ይስባል፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሽታውን ያናፍሳል፣ ፊቱንም እንደ ጨዋ ሰው ያስተካክላል። ትራፊኩን ካለፈ በኋላ ቀበቶውም ጨዋነቱም ይፈታሉ። ግንዛቤውማ ከአሠልጣኙ ይበልጣል፤ ያጣው የሚይዘውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በድንገተኛ የትንፋሽ ምርመራ ከአልኮል ጋር የተያያዘ አደጋ በ20 በመቶ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። የሚቀንሰውም ሾፌሩ አዲስ ነገር ስለተማረ ሳይሆን እያዛለሁ ብሎ ስለሚፈራ ነው።

"ትምህርት ምን ይጎዳል?" የሚል አይጠፋም። አይጎዳም፤ ከቅጣትና ከቁጥጥር ላይ ሲደረብ ደግ ነው። በቁጥጥር ቦታ ሲቀመጥ ግን ለአጥፊው ሰርተፍኬት፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ከመሆን አያልፍም። ገና መሪ የጨበጠ የባጃጅ ልጅ ላያውቅ ይችላል የሚለውም እውነት ነው፤ እሱ መማር ያለበት ግን ፈቃዱን ሳይቀበል ነው፣ ሰው ከገጨ በኋላ አይደለም። መመርመሪያው ውድ ነው ለሚሉት ደግሞ መልሱ የአዳራሹ ወጪ ላይ ተጽፏል። የወረዳና የከተማ ምክር ቤት አባላት፣ የመጪውን ዓመት በጀት ስታጸድቁ ከመድረኮቹ አንዱን ሰርዙና የትንፋሽ መመርመሪያ ግዙበት፤ ማታ ማታም ከግሮሰሪዎቹ በታች አቁሙት።