የምኒልክ ሜትርና የኛ አውራ ጣት

እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ለእንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቅዱ ውሉ ቁርጥ ያለ ነበር፦ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋት ከ400 ሄክታር አይበልጥም፤ ለፖለቲካም ለጦርም አይውልም፤ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ ሥር እስካለች ብቻ ነው። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የካርቱም መርከብ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡናችንን ጭኖ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ ጣቢያውም ለባለቤቱ ተመለሰ።

ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ሜትር መለካት፣ ማብቂያ መወሰን፣ ጭራሽ ውሉን ማንበብ!

እኛ ሠልጥነናል። የጋምቤላ ወጣት ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ በአኙዋክኛም በኑዌርኛም ያልተጻፈውን የስልክ መተግበሪያ ውል በአውራ ጣቱ ሽቅብ ይገፋና «እስማማለሁ»ን ይጫናል። ስንት ሄክታር እንደሰጠ የሚያውቀው ተቀባዩ ነው።

መተግበሪያ ሠሪውማ የባሰበት ጭሰኛ ነው። አፕል ከመደብሩ ሽያጭ እስከ 30 ከመቶ ይቆርጣል፤ የድሮው ባላባት እንኳ እኩሌታውን ሲወስድ ቢያንስ በሬ ያበድር ነበር ይባላል። የጨዋታ ሠሪው ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ፎርትናይት በተባለው ጨዋታው ላይ የራሱን መክፈያ ሲያስገባ፣ ጨዋታው በዚያው ዕለት ከመደብሩ ተባረረ። ኤፒክ ሀብታም ነውና ከሰሰ። ድሃው ሠሪ ግን «አቤቱታዎን ተቀብለናል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ላኪው ደግሞ «ለዚህ አድራሻ መልስ አይጻፉ» ይላል።

ለነገሩ ባሮ መርከብ የሚያስገባው በክረምት ብቻ ነበር፤ በጋውን ያሳርፋል። የስልኬ ውል ግን ትናንት ሌሊት፣ እኔ ተኝቼ፣ «ተሻሽሏል»።